ጋሽ ሊካሳና እርሳስ የጎረሰው ሽጉጥ

በዚህች ከተማ ገማች የሌለበት ሰፈር የለም። ደመወዝ የሚከፈለውን የመንግሥት ገማች ማለቴ አይደለም። እኔ የምለው ማንም ሳይቀጥረው የሰው ዕቃ አገላብጦ አይቶ ራሱን የሚነቀንቀውን ሰው ነው። አዲስ ሶፋ ስታስገቡ በር ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ስልክ ስትገዙ ከእጃችሁ ወስዶ ጀርባውን የሚያየውም እሱ ነው። "ስንት ገዛኸው?" ይላል፤ ስትነግሩት ዓይኑን ጨፍኖ "እህህ" ይላል። ከዚያች "እህህ" በኋላ ሶፋው አይመችም፣ ስልኩም ባትሪ አይዝም።

ለእኛ ለካዛንቺስ ሰዎች ግን እግዜር አድልቶልናል። የኛው ክቡር ሊቀ ገማቾች ጋሽ ሊካሳ በሶፋ አይወርዱም። እሳቸው የድሮ ሽጉጥ ገማች ናቸው።

አትሳቁ፤ ሥራ ሞልቷል። በዚህ ከተማ ስንት አልጋ ሥር፣ ስንት ሻንጣ ውስጥ፣ ከአያት የወረደ የጣሊያን ጊዜ ሽጉጥ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ እንደሚተኛ ብታውቁ እንቅልፍ አይወስዳችሁም። አብዛኛው መተኮስ ካቆመ ዘመን አልፎታል። የሚተኩሰው ወሬ ብቻ ነው፦ "አያቴ ከአንድ የጣሊያን መኮንን ወገብ ላይ የፈታው ነው።" ጋሽ ሊካሳ እንደሚሉት ይህ ሁሉ ወሬ እውነት ከሆነ፣ ያኔ እዚህ አገር የነበረው የጣሊያን መኮንን ቁጥር ከጣሊያን ሕዝብ ይበልጣል።

ጋሽ ሊካሳ በወጣትነታቸው በሠራዊቱ የመሣሪያ መጠገኛ ውስጥ ሠርተዋል። ስንት ዓመት ሠሩ ሲባሉ "እንደ አቆጣጠሩ ነው" ይላሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቢሯቸው ከኦሎምፒያ ከፍ ብላ ያለች አንዲት ካፌ ውስጥ በር አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ናት። የቢሮ ዕቃቸው አንድ የሰዓት ሠሪ ማጉያ መነጽር፣ አንድ የመነጽር መወልወያ ጨርቅ፣ አንድ ስኳር የሌለው ማኪያቶ ነው። ደንበኛ ሲመጣ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከትተው ወደ ባለቤቱ ቤት ይሄዳሉ። እኔም ከኋላ እከተላለሁ፤ ጸሐፊያቸው ነኝ። ማን እንደ ሾመኝ አላስታውስም።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ሽጉጡን ያነሣሉ። መነጽሩን ዓይናቸው ላይ ይሰካሉ። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ ፍርዱ ይወርዳል፦

"ተነክቷል!"

ሁሌም ተነክቷል። አፈሙዙ እንዲያጥር የተቆረጠ፣ የእንጨት እጀታው ወጥቶ በቀንድ የተተካ፣ እንዲያብረቀርቅ ኒኬል የተነከረ፣ ቁጥሩ በሞረድ የተፋቀ፤ ብቻ ከፋብሪካ እንደ ወጣ የቀረ ሽጉጥ እስካሁን አልገጠማቸውም። ቃሉ ከሽጉጥ አልፎ ኑሯችን ውስጥ ገብቷል። ማኪያቶው ወተት ከበዛበት ተነክቷል። በአንድ ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ስትገባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ቆንጆ ልጅ ነበረች፤ ፊቷ ግን ተነክቷል" ብለውኛል። ጥርሴን ያስሞላሁ ሰሞን ሦስት ቀን ሙሉ እሳቸው ፊት አልሳቅኩም።

"ተነክቷል" ብቻ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር። ችግሩ የሚጀምረው ባለቤቱ "ታዲያ ምን ይሻላል?" ያለ ቀን ነው። ወሎ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ኮሎኔል ይህን ስሕተት ሠርተዋል።

"ኒኬል መነከሩ ዋጋውን ገድሎታል" አሏቸው ጋሽ ሊካሳ።

"እንግዲያው ኒኬሉን አስልጠዋለሁ።"

"እንዳያደርጉት! ኒኬሉን የነከረው ሰው ራሱ ታሪክ ነው። እጁን አውቀዋለሁ፤ እንደሱ የሚነክር አልተወለደም።"

"እንግዲያው እንዳለ ይቀመጥ።"

"እንዳለ ከተቀመጠ ዋጋ የለውማ!"

"ጌታዬ፣ ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ምንም አያድርጉ።"

"ምንም ባላደርግስ?"

"ይበላሻል።"

ኮሎኔሉ ሦስት ግንባር ላይ ተዋግተዋል። ያን ቀን ግን ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

ስታዲየም አካባቢ ሱቅ ያላቸው አንድ ነጋዴ ደግሞ የአጎታቸውን ሽጉጥ አሳዩዋቸው። ጋሽ ሊካሳ ፈታትተው ሲያዩት የአንዱ ብረት ቁጥር ከሌላው አይገጥምም፤ ቃታው ከአንዱ፣ አፈሙዙ ከሌላው፣ እጀታው ከማይታወቅ። መነጽራቸውን አውልቀው "ወንድሜ፣ ይህ ሽጉጥ አይደለም፤ ዕድር ነው። አባላቱ በሙሉ ከየቤታቸው የመጡ ናቸው" አሉ። ሰውየው ባዕዱን ብረት ለይተው አውጥተው እንዲያስተካክሉላቸው ቢለምኗቸው "እንዴት ብዬ አንድ ዕድር አፈርሳለሁ?" ብለው እምቢ አሉ።

ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ግን የታጠበ ሽጉጥ ነው። የኛ ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ንጹሕ ካልሲ እንደሚያደርገው፣ ገማች ይመጣል ሲባል ሽጉጡን አጥቦ ይጠብቃል። በሎሚና በአመድ የሚፈትግ አለ። ጋራዥ ወስዶ በመኪና ማብረቅረቂያ የሚያስወለውል አለ። ያ ቡናማ የዕድሜ ቀለም ሙልጭ ብሎ ይሄዳል። ባለቤቱ በኩራት ሲዘረጋላቸው ጋሽ ሊካሳ ጉንጫቸውን ይዘው "ሰማንያ ዓመቱን አጠባችሁት!" ብለው ይጮኻሉ። አንዴ ኡራኤል አካባቢ እንዲህ ሲጮኹ ጎረቤት ለቅሶ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ ደርሷል።

እንግዲህ ካዛንቺስ ለልማት ተብላ ዕቃዋን ጠቅልላ በተነሣች ሰሞን እኚህ ሰው ናቸው ወደ ልዩ ተስፋለም ቤት የተጠሩት።

ልዩን በመጀመሪያ ላስተዋውቃችሁ። አስተማሪ ናት፤ እንደ አባቷ እንደ አቶ ተስፋለም። አባቷ ከሞቱ ዓመት አልፏል። እሷና ታናሽ ወንድሟ ሔኖክ ቤቱን ሊለቁ ነውና የአባታቸውን ዕቃ መካፈል ነበረባቸው። በሰላም ተካፈሉ፤ መጻሕፍቱ ለሷ፣ ቴሌቪዥኑ ለሱ። ፍሪጅና አንድ ሽጉጥ ቀሩ። ሽጉጡ ከአያታቸው ለአባታቸው የወረደ፣ የጣሊያን ወታደር የታጠቀው ስድስት ጎራሽ ነው። አፈሙዙ በቀለጠ እርሳስ ተደፍኗል፤ አይተኩስም ተብሎ የተመዘገበበት የፖሊስ ወረቀትም አለው። ሔኖክ ኦሎምፒያ አንድ የኮምፒውተር ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ ነገሩ ሁሉ ፈጣን የሆነ ልጅ ነው። ፈቃድ ያለው ገዢ አግኝቷል። እርሳሱ ወጥቶ ወደ ጥንቱ ከተመለሰ ይሸጣል፣ በገንዘቡ የሁለቱም ኮንዶሚኒየም በርና ንጣፍ ያገኛል። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ልዩ ግን "አይነካም" አለች። ለምን ስትባል "ዝም ብሎ አይነካም" ነው የምትለው።

የሰፈሩ ሽማግሌ እትዬ ኩልሱም ገቡበት። "ገማች ይጠራ፤ ዋጋው ይታወቅ፤ ከዚያ ወይ ትሸጣላችሁ ወይ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ትከፍላላችሁ" ብለው ፈረዱ። ልዩ ለመክፈል አቅም አልነበራትም። ዋጋው ከፍ ካለ ሽጉጡ ሄደ ማለት ነው። ያንን እርሳስ የጎኑን ብረት ሳይጎዳ የሚያወጣ ሰው ደግሞ በከተማው አንድ ብቻ ነው፤ ጋሽ ሊካሳ ራሳቸው።

ለምርመራው የሄድን ቀን ልዩ ብቻዋን ነበረች። ጋሽ ሊካሳ እንደ ልማዳቸው መነጽሩን ሰኩ። አፈሙዙን አዩ። ፊታቸው ጠቆረ።

"ተነክቷል! ይሄ ደግሞ ከመነካትም አልፏል፤ ግፍ ነው! ማን ነው ይህን የሠራ? እጁን ይቁረጠውና..."

"አባዬ ነው ያሠራው" አለች ልዩ።

ጋሽ ሊካሳ የቀረውን እርግማን ዋጥ አደረጉት።

ልዩ በሩን አየት አደረገችና ቀስ ብላ ነገረችን። ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ሔኖክ አራት። ሌባና ፖሊስ ሲጫወቱ ከአልጋ ሥር ሻንጣውን ጎተተች። አባቷ ሁሌ "ባዶ ነው" ይሉ ነበር። ወንድሟን ግድግዳ አስደግፋ፣ ግንባሩ ላይ አነጣጥራ፣ በሁለት እጇ ቃታውን ሳበች። ቋ አለ። ሔኖክ ሳቀ። አባቷ በር ላይ ደርሰው ነበር። ከእጇ ወሰዱና ከፈቱት። ከስድስቱ ጉድጓድ አንዱ ውስጥ ጥይት ነበር። ቃታው አንዴ ቢደገም ተራው የእሱ ነበር።

"አልተቆጣኝም" አለች። "መሬት ላይ ቁጭ አለ። በማግስቱ በምሳ ዕቃ መያዣ ከቶ ወሰደውና እርሳስ አስሞልቶ መጣ። 'ለሔኖክ አትንገሪው' አለኝ፤ 'ወንድምሽ አንቺን ባየ ቁጥር ያንን እንዲያይ አልፈልግም።' እስካሁን አልነገርኩትም። አሁን ምን ብዬ ልከራከር?"

ጋሽ ሊካሳ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ። ደግመው ወለወሉ። ከዚያ ሽጉጡን በጨርቁ ሸፍነው "ምርመራው አልቋል" አሉ። እኔ ታመው መሰለኝ።

የጉባኤው ዕለት ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። እትዬ ኩልሱም ብቸኛው ወንበር ላይ፣ እኛ ካርቶን ላይ ተቀመጥን። ሔኖክ ሥራ አስፈቅዶ ነው የመጣው፤ ስልኩን ከፍቶ ገዢው የላከለትን ፎቶ አዘጋጅቷል።

"ጋሼ፣ በቃ አጭር እናድርገው" አለ። "ሪስቶር ቢደረግ ቫልዩው ስንት ነው?"

ጋሽ ሊካሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ዋጋ ሦስት ነው። የነበረ ዋጋ አለ፣ ያለ ዋጋ አለ፣ ሊሆን የሚችል ዋጋ አለ። የቱን ነው የጠየቅከኝ?"

"ሊሆን የሚችለውን።"

"እሱ የነበረውን ካልያዘ አይሆንም። የነበረው ደግሞ ያለውን ካላጣ አይመለስም።"

ሔኖክ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ማስታወሻዬ ዞርኩ። የጻፍኩት "ሽጉጡ ሽጉጥ ነው። በከፊል።" ይላል።

"እሺ፣ ማለቴ፣ እርሳሱ ይውጣ፤ ወደ ኦሪጅናሉ ይመለስ። ከዚያስ?"

"ወደ የትኛው ኦሪጅናል? ወደ ጣሊያኑ ነው፣ ወደ አያትህ ነው፣ ወደ አባትህ ነው? አያትህ አፈሙዙን አስቆርጧል። አባትህ እርሳስ አስሞልቷል። ያባትህን አውጥተን ያያትህን ብንተው ልጁን ነክተን አባቱን ማለፍ ነው፤ አድልዎ ይሆናል።"

"ወደ መጀመሪያው ይመለስ!"

"ወደ መጀመሪያው ከሆነ ዕቃው የጣሊያን መንግሥት ነው። ኤምባሲ ልንጽፍ ነው?"

"አንተ ሊካሳ" አሉ እትዬ ኩልሱም፣ "እኛ ዋጋ ነው የጠየቅንህ። የጣሊያንን ዘር ማንዘር ማን ጠየቀህ?"

"እሱን እኮ ነው የምለው፣ እትዬ። እርሳሱ ሲወጣ ዋጋው ይጨምራል። ሲወጣ ግን ሁለተኛ ተነካ፤ ይቀንሳል። ለመመለስ ያወጣነው ጊዜ ሲታሰብ ይጨምራል። ታሪኩ ስለ ጠፋ ይቀንሳል። የቀነሰው በጨመረው ላይ ሲያርፍ እንግዲህ..."

አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። በመካከሉ ስለ ቅባት ዓይነቶች፣ ስለ ሠራዊቱ ግምጃ ቤት፣ በጥንት ጊዜ ስለ ሞተች አንዲት የግምጃ ቤት ድመት ሰማን። ድመቷ ከዋጋው ጋር ምን እንዳገናኛት አልገባኝም፤ ግን ከወሬው ስትወጣ ዋጋው ተለውጦ ነበር። እትዬ ኩልሱም "ፓራሲታሞል የያዘ አለ?" አሉ። ሔኖክ ስልኩ ላይ ይደምር የነበረውን ሦስት ጊዜ አጠፋ። በመጨረሻ ተነሥቶ ቆመ።

"በቃ! በቃ! ትውሰደው። እኔ ፍሪጁን እወስዳለሁ። ፍሪጅ ቢያንስ ዋጋው ይታወቃል!"

ጋሽ ሊካሳ ቀስ ብለው ወደ ፍሪጁ ዞሩ። መነጽራቸውን አወጡ። "ፍሪጁም እኮ ሲታይ..."

"ሊካሳ! አፍህን ዝጋ!" አሉ እትዬ ኩልሱም። ወዲያው ተፈራረሙ።

ስንወጣ ልዩ በር ድረስ ሸኘችን። ጋሽ ሊካሳ ጎንበስ ብለው "በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለሽ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው፤ ማንም አይንካው" አሏት። እኔ ባለሁበት ቆምኩ። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ዓረፍተ ነገር ከእሳቸው ስሰማ በሃያ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ኦሎምፒያ ስንወርድ አላስቻለኝም። "ጋሽ ሊካሳ፣ በእውነት እርሳሱ ወጥቶ ቢሸጥ ስንት ያወጣ ነበር?"

አንድ ቁጥር ነገሩኝ። "እንደ አያያዙ" የለም፣ "ሲታይ" የለም፤ ቁጥር ብቻ። አስፋልት መሀል ቆምኩ። የሚኒባስ ረዳት ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ "አባት፣ መኝታ ቤት መሰለህ እንዴ?" አለኝ። ጋሽ ሊካሳ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። "እርሳሱን የሚያወጣው እጅ የኔ ነበር። የሔኖክን ግንባር ካየሁ በኋላ እጄ እንዴት ይታዘዘኛል?" አሉኝ። ይህንንም ተረድቼዋለሁ፤ ጭራሽ ግራ ገባኝ። እንግዲህ እንዲህ መናገር ከቻሉ ኮሎኔሉን ለምን ያን ያህል አሰቃዩ?

በሳምንቱ ሔኖክ ደወለልኝ። "አንተ አብረሃቸው ነበርክ፤ እውነቱን ንገረኝ፣ ስንት ያወጣል?"

ውሸት አልችልም፤ ፊቴ ይቀላል፣ በስልክም ሳይቀር። አፌን ከፈትኩ። "እንግዲህ ሔኖኬ" አልኩ፣ "'ያወጣል' ስትል መጀመሪያ የገባ መሆን አለበት..." እየተናገርኩ ራሴን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ግን ማቆም አልቻልኩም። አርባ ደቂቃ ሄድኩ። ድመቷንም ጨመርኩ። እሱ ነው የዘጋው።

ይህን ሁሉ በአደባባይ የምጽፈው ልዩ "ጻፈው" ስላለችኝ ነው። ሔኖክ አዲሱ ቤቷ በር ሲገጥምላት ውሎ፣ ማታ ሻይ እየጠጡ ራሷ ነገረችው። ምን እንዳለ አልነገረችኝም። "መዶሻውን አንሥቶ የቀረችውን ሚስማር መታ" ነው ያለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሔኖክ ወደ ካፌዋ መጣ። እኔ የሚጣላ መስሎኝ የጋሽ ሊካሳን ማኪያቶ ከጠርዙ አራቅኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ጋሼ" አለ፣ "እርሳስ ከዘመን ብዛት ይላላል እንዴ? ማለቴ፣ ወልቆ ሊወድቅ ይችላል?"

ጋሽ ሊካሳ መነጽራቸውን አወጡ፣ ወለወሉ፣ "እንደ እርሳሱ ነው" ብለው ጀመሩ። እርሳስ ሦስት ዓይነት ሆነ። አንደኛው ዓይነት ሁለት ሆነ። ግምጃ ቤቱ መጣ፣ ዝናብ መጣ፣ አንድ ስሙ የተረሳ ሻምበል መጣ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። እኔ ይላላል ይሁን አይላላም አንድም አልገባኝም።

ሔኖክ ግን ስልኩን አውጥቶ እያንዳንዷን ቃል ይጽፍ ነበር።